ከመግቢያው በላይ፦ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁሮች እየሳሱ የሚሄዱት የት ላይ ነው?

ጁን 29 ቀን 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲመርጡ የቆዳ ቀለምን መመዘኛ ማድረግ እንደማይችሉ ከወሰነ ወዲህ፣ ልጁን ለኮሌጅ ያደረሰ ሐበሻ ሁሉ የሚጠይቀው ተመሳሳይ ነገር ነው። ፎርሙ ላይ ጥቁር የሚለውን ትሙላ ወይስ ትለፈው? ስኮላርሺፑስ ቀረ ማለት ነው? ተገቢ ጥያቄ ነው፣ እመልሰዋለሁ። ግን ውሳኔው የሚመለከተው መግቢያውን ብቻ ነው። ከመግቢያው በላይ ረጅም መሰላል አለ። መመረቅ፣ ዶክትሬት መያዝ፣ መምህር ሆኖ መቀጠር፣ ቋሚ መሆን፣ ሙሉ ፕሮፌሰር መሆን፣ ከዚያ ዲን፣ ከዚያ ፕሬዚዳንት። የጥቁሮች ቁጥር ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል፣ ስለዚህ የሚወራው ግን በጣም ትንሽ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ውሳኔውን ልጨርስ። የተከሰሱት ሃርቫርድና የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ነበሩ። የአብላጫውን ውሳኔ የጻፉት ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ ናቸው። ከዚያ በፊት፣ ከ1978 ጀምሮ፣ ሕጉ ይል የነበረው «ኮታ ክልክል ነው፣ ዘርን ከብዙ ነገሮች እንደ አንዱ ማየት ግን ይቻላል» ነበር። 2003 ላይ ይኸው ፍርድ ቤት ያንኑ ደግሞ አጽንቶት ነበር፣ ያኔ ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር «ከ25 ዓመት በኋላ ይህ ነገር አያስፈልግም ብለን እንጠብቃለን» ብለው ጻፉ። 25ቱ ዓመት ሳይሞላ በሩ ተዘጋ።

ፎርሙን በተመለከተ፣ ልጃችሁ ጥቁር የሚለውን ብትሞላ ችግር የለውም፤ መልማዮቹ ሲወስኑ እሱን ማየት አይችሉም፣ ያ ብቻ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከመጀመሪያውም መረጃው ማመልከቻውን ለሚያነበው ሰው እንዳይታይ አድርገዋል። የቀረው መንገድ ድርሰቱ ነው። ሮበርትስ ራሳቸው በግልጽ ጽፈውታል፦ አንድ ተማሪ የቆዳ ቀለሙ በሕይወቱ ላይ ምን እንዳመጣበት ወይም ምን እንዳነሳሳው ቢጽፍ ዩኒቨርሲቲው ማንበብና መቁጠር ይችላል። ግን የሚቆጠረው የልጁ ጥንካሬና ችሎታ ነው እንጂ ቀለሙ አይደለም። ስለዚህ «እኔ ጥቁር ነኝ» ማለት ብቻ ምንም አይጨምርም። «ሱቅ ውስጥ ጥበቃው ሁልጊዜ ይከተለኝ ነበር፣ ስለዚህ እንዲህ አደረግሁ» ማለት ግን ይጨምራል። ስኮላርሺፕ ላይ ደግሞ፣ ለጥቁር ተማሪ ብቻ ተብለው የተሰየሙት ብዙዎቹ ተሰርዘዋል ወይም ለሁሉም ተከፍተዋል። ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ ተሞልቶ የሚገኘው የመንግሥት እርዳታ ግን ድሮም በገቢ እንጂ በቀለም አልነበረም፣ እሱን ውሳኔው አልነካውም።

ከውሳኔው በኋላ የመጣው ለውጥ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በ2024 መኸር በገቡት ተማሪዎች፣ ኤም አይ ቲ የጥቁሮቹ ድርሻ ከ13 በመቶ ገደማ ወደ 5 ወረደ። አምኸርስት ኮሌጅ ከ11 ወደ 3። ሃርቫርድ ከ18 ወደ 14። ዬል ግን እዚያው 14 ላይ ቆየ። ካሊፎርኒያ ይህን ቀድማ ቀምሳዋለች፤ በ1996 በሕዝብ ድምፅ ዘርን ማየት ከከለከለች በኋላ የግዛቷ ዩኒቨርሲቲዎች ከድሃ ሰፈር ልጆችን ለመሳብ ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ አወጡ፣ ይህም ሆኖ በቂ እንዳልሆነ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጽሑፍ ተናግረዋል።

አንድ የሚያናድደኝን ነገር እዚህ ላይ ካልተናገርኩ አላርፍም። በዘር ማዳላት ቀረ ሲባል ሌላው ማዳላት አብሮ አልቀረም። በሃርቫርዱ ክስ የወጣው መረጃ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ጥናት፣ ከ2009 እስከ 2014 ከተቀበሏቸው ነጭ ተማሪዎች 43 በመቶው ወይ ስፖርተኞች፣ ወይ ወላጆቻቸው እዚያው የተማሩ፣ ወይ የመምህራን ልጆች፣ ወይ ዲኑ ለብቻ በያዘው ዝርዝር ውስጥ ያሉ መሆናቸውን አሳይቷል። አባቱ እዚያ ስለተማረ ነጥብ የሚጨመርለት ልጅ ዛሬም አለ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ኮሎራዶና ካሊፎርኒያን የመሳሰሉ ግዛቶች ይህን በሕግ ከልክለዋል፣ ስለዚህ የሚቻል ነገር ነው።

አሁን ወደ መሰላሉ።

ከአሜሪካ ሕዝብ ጥቁሩ ከመቶ 13 ወይም 14 ነው። ከሙሉ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ግን ከመቶ 7 ገደማ ነው። ሙሉ ፕሮፌሰር ላይ ሲደርስ ወደ 4 ይወርዳል። ይህ ቁጥር ለምን ትልቅ ጉዳይ ሆነ? የዩኒቨርሲቲ መሪ ከሰማይ አይወርድም። ፕሬዚዳንት የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቮስት የነበረ ነው፣ ማለትም የትምህርቱ ዋና ኃላፊ። ፕሮቮስት የሚሆነው ዲን የነበረ ነው። ዲን የሚሆነው ሙሉ ፕሮፌሰር ነው። ስለዚህ «ብቁ ጥቁር አመልካች አላገኘንም» የሚለው የቦርድ ሰው፣ ከ20 ዓመት በፊት ማን ተቀጠረ ማንስ ተባረረ ብሎ መጠየቅ አለበት።

የሚሳሳው ገና ዶክትሬት ሳይጀመር ነው። በ2015 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ በ259 ዩኒቨርሲቲዎች ላሉ ከ6,500 በላይ ፕሮፌሰሮች ኢሜይል ላኩ። ላኪው ዶክትሬት መማር የሚፈልግ ተማሪ ነኝ ይላል፣ አሥር ደቂቃ ላነጋግርዎ ብሎ ይጠይቃል። ኢሜይሉ ከላኪው ስም በቀር አንድ ቃል ልዩነት የለውም። ከሳምንት በኋላ ለሚሆን ቀጠሮ ሲጠየቅ፣ የነጭ ወንድ ስም የያዘው ከሴቶቹና ከሌሎቹ ስሞች በጥቅሉ የተሻለ መልስ አገኘ። የባሰው በግል ዩኒቨርሲቲዎችና ደሞዛቸው ወፈር ባለ መስኮች ነበር። አስቡት፣ እነዚህ ፕሮፌሰሮች ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ አብዛኞቹ ብትጠይቋቸው በቅንነት «እኔ አላዳላም» ይላሉ። ግን የተጨናነቀ ኢሜይል ሳጥን ከፍተው ለማን ቶሎ መልስ እንደሚሰጡ ስሙን ሲያዩ ወስነዋል። ወጣቱ ያጣው አሥር ደቂቃ ነው፣ ከአሥሩ ደቂቃ ጋር ግን ምክር፣ ላብራቶሪ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ነበር።

ያም ታልፎ ረዳት ፕሮፌሰር ሆና ተቀጠረች እንበል። ስድስት ዓመት ገደማ አላት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ምርምሯን አሳትማ ቴኑር የሚባለውን ቋሚነት ካላገኘች ትሰናበታለች። በትምህርት ክፍሉ ውስጥ ብቸኛዋ ጥቁር መምህርት ናት። የራሷ ክፍል ያልሆኑ ጥቁር ተማሪዎች ሳይቀሩ ቢሮዋን ያንኳኳሉ፣ አንዷ ልታቋርጥ ነው፣ ሌላው አንድ መምህር ያለው ነገር አልዋጥለት ብሎ ነው፣ ሌላዋ ቤተሰቧ ገንዘብ ጨርሷል። እሺ ብላ ታነጋግራለች፣ እምቢ ማለት አትችልም፣ ልቧም አይፈቅድላትም። ዲኑ ደግሞ የሚቋቋመው ኮሚቴ ሁሉ ላይ ስሟን ይጽፋል፣ ኮሚቴው ነጭ ብቻ እንዳይመስል። የዩኒቨርሲቲው ብሮሹር ላይ ፎቶዋ ይወጣል። ስድስት ዓመቱ ሲያልቅ ግምገማው ምን ይቆጥራል? ጽሑፎቿን። ያቺን ልታቋርጥ የነበረችውን ልጅ አስመርቃለች የሚል ሳጥን ፎርሙ ላይ የለም፣ ቢኖርም ሚዛኑ ትንሽ ነው። ጎን ለጎን የነበረው ባልደረባዋ ያንን ሁሉ ሰዓት ላብራቶሪ ውስጥ አሳልፏል።

ላብራቶሪውም ገንዘብ ይፈልጋል። የሕክምና ምርምር የሚደጉመው ብሔራዊው የጤና ተቋም ገንዘቡን እንዴት እንደሚያከፋፍል ያጠና ሥራ በ2011 ወጣ፤ ትምህርት፣ ልምድና ኅትመት እኩል ቢደረግ እንኳ የጥቁር ተመራማሪዎች ማመልከቻ የማለፍ ዕድሉ ከነጮቹ በ10 በመቶ ነጥብ ያነሰ ነበር። የሚያሳፍር ነገር ነው። ጥናቱ የወጣው በተቋሙ ራሱ ጥያቄ መሆኑ ግን ጥሩ ነው፣ ችግሩን ቆጥሮ ማየት የፈለገ መሥሪያ ቤት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነጥብ ላይ ነው። «ጥቁር ስለሆነች ብቻ ቀጠሯት» ይባላል። ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ወዲህ ማንንም በቀለሙ ምክንያት መቅጠርም ሆነ መከልከል በመርህ ደረጃ የተከለከለ ነው። ሕጋዊ የሆነው ሥራ አመልካቹን ማብዛት፣ ማስታወቂያውን ሰው በለመደው ቦታ ብቻ አለማውጣት፣ መመዘኛውን አመልካቾቹ ሳይታዩ በፊት በጽሑፍ ማስቀመጥ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ ነው። ይህ አሰልቺ ይመስላል፣ ግን ለውጥ የሚያመጣው ይኸው ነው። «ከእኛ ጋር ይግባባል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው ሰዉን ራሱን የሚመስል ሰው እንዲመርጥ የሚያደርገው።

ጥሩ መሪ ምን ያደርጋል ለሚለው፣ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ሰፈር ብዙም የማይርቅ ምሳሌ አለኝ። ባልቲሞር አጠገብ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩ ኤም ቢ ሲ የሚባለው። በ1988 የሂሳብ ሊቁ ፍሪማን ህራቦውስኪ፣ ከባለሀብቱ ከሮበርት ማየርሆፍ ጋር ሆነው፣ በሳይንስ ዶክትሬት የሚይዙ ጥቁር ወጣቶች ለማፍራት አንድ ፕሮግራም ጀመሩ። ህራቦውስኪ በ12 ዓመታቸው በበርሚንግሃም አላባማ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር የተሰለፉ፣ ታስረውም የነበሩ ሰው ናቸው።

ፕሮግራሙ እንዲህ ነው። ተማሪዎቹ መደበኛው ትምህርት ሳይጀመር ክረምቱን ስድስት ሳምንት አብረው ይኖራሉ፣ ሂሳብና ሳይንስ ይማራሉ። ብቻ ማጥናት አይበረታታም፣ በቡድን ነው። የመጀመሪያ ዓመት የሳይንስ ኮርስ ላይ «ሲ» ያመጣ ልጅ አለፍኩ ብሎ አይሄድም፣ ድገመው ይባላል፤ ምክንያቱም መሠረቱ ካልያዘ ቀጣዩ ይጥለዋል። ከመጀመሪያው ጀምሮ እውነተኛ ላብራቶሪ ውስጥ ይገባሉ። ብዙ ቦታ ለጥቁር ተማሪ የሚደረገው ድጋፍ «እንዳይወድቅ» የሚል ነው፤ እዚህ ግን «የላቀ ይሁን» ነው። ልዩነቱ ያ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሞደርናን የኮቪድ ክትባት ካበጁት ሳይንቲስቶች አንዷ ኪዝሜኪያ ኮርቤት የዚህ ፕሮግራም ልጅ ናት። ጀሮም አዳምስ፣ የአሜሪካ ሰርጅን ጄኔራል (የአገሪቱ ዋና የሕዝብ ጤና ሐኪም) የነበሩት፣ እዚያው ነው የወጡት። ዛሬ በጣም ጠቃሚ የሆነው ክፍል ደግሞ ይሄ ነው፦ በ1994 በዚያው በሜሪላንድ፣ ለጥቁሮች ብቻ የነበረ ሌላ ስኮላርሺፕ በይግባኝ ፍርድ ቤት ተሰረዘ። የማየርሆፉ ፕሮግራም በ1996 ለሁሉም ዘር ተከፈተ። አልሞተም። ነጩም ኤሽያዊውም ገባ፣ ጥቁሮቹም በብዛት ቀጠሉ፣ ውጤቱም አልወረደም። ከዚያ ፔን ስቴትና ኖርዝ ካሮላይና ቻፕል ሂል እንዳለ ቀዱት፣ እነሱም ጋ ሠራ። እና «ፍርድ ቤቱ አሰረን» ለሚሉ ፕሬዚዳንቶች ማሳያው አለ፣ ድሮ የተሞከረ ነው። ህራቦውስኪ ለ30 ዓመት ያህል መርተው በ2022 ጡረታ ወጡ። የተኳቸው ኬሚስቷ ቫለሪ ሺርስ አሽቢ ናቸው፣ ጥቁር ሴት።

ሌላዋ ሩት ሲሞንስ ናቸው። ቴክሳስ ውስጥ የሰው መሬት ከሚያርሱ ጭሰኞች የተወለዱ፣ የ12 ልጆች የመጨረሻዋ። በ2001 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ አይቪ ሊግ ከሚባሉት ስምንት ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱን የመሩ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆኑ። በ2003 አንድ ኮሚቴ አቋቋሙ፦ ይህ ዩኒቨርሲቲ ከባሪያ ንግድ ምን አገኘ? ዩኒቨርሲቲው ከዚያ በፊት ከ200 ዓመት በላይ ኖሯል። ሪፖርቱ በ2006 ወጣ፣ ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ተከትለው የራሳቸውን መዝገብ መክፈት ጀመሩ። በሳቸው ዘመን ብራውን አሜሪካውያን አመልካቾችን ሲመርጥ ወላጅ መክፈል ይችላል ወይ ብሎ ማየት አቆመ። የተለየ ሕይወት ያየ ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የሚጠየቀው ጥያቄ ይለወጣል። ይህን ነው አመራሩ ይሰባጠር የሚሉት ሰዎች የሚሉት።

ግን አንድ ሰው ወንበር ላይ ስለወጣ መሰላሉ አይጠገንም። ክሎዲን ጌይ በጁላይ 2023 የሃርቫርድ የመጀመሪያዋ ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆኑ፣ በጃንዋሪ 2024 መጀመሪያ ለቀቁ። ስለ ምክንያቱ ሰው እስካሁን ይከራከራል። እኔ የምለው፣ የጥቁር አመራር ተስፋ ሁሉ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ መጫኑ ራሱ ከታች ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ያሳያል።

ስለ ጥቁሮች ዩኒቨርሲቲዎች ሳላነሳ ማለፍ አይቻልም። ሃዋርድ የተመሠረተው በ1867 ነው፤ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሞርዲካይ ጆንሰን ወንበሩን የያዙት ግን በ1926 ነው። ለጥቁር የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ፕሬዚዳንት እስኪሾምለት 59 ዓመት ፈጀ። እኛም የሃዋርድ ባለዕዳ ነን። ጣልያን ሲወረን በአሜሪካ ለኢትዮጵያ ድጋፍ ያሰባሰቡት ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚያ ነው። ሊዮ ሃንስቤሪ አፍሪካ ታሪክ የላትም በሚባልበት ዘመን የኢትዮጵያንና የኩሽን ታሪክ ያስተማሩት እዚያው ነው።

ገንዘቡ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። በ1890 የወጣ ሕግ ግዛቶችን «ወይ ጥቁሮችን ተቀበሉ፣ ወይ ለነሱ ሌላ ኮሌጅ ክፈቱና ገንዘቡን በአግባቡ አካፍሉ» አላቸው። ከፈቱ፣ አላካፈሉም። በ2023 የፌዴራል መንግሥት ለ16 ገዥዎች በጻፈው ደብዳቤ፣ ከ1987 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ብቻ ለነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች መድረስ የነበረበት ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዳልደረሰ አስታወቀ። ሜሪላንድ ውስጥ ሞርጋን፣ ቦዊ፣ ኮፒንና ኢስተርን ሾር የሚባሉት የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲዎች ደጋፊዎች በ2006 ግዛቲቱን ከሰሱ። 15 ዓመት ፈጀ። በ2021 በ577 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ፣ በአሥር ዓመት የሚከፈል። ቦዊና ሞርጋን የሚማሩ ብዙ የሐበሻ ልጆች አሉ፤ ያ ገንዘብ ለነሱም ጭምር ነው።

ስለ ራሳችን አንድ የማይመች ነገር ልበል። በታወቁት ዩኒቨርሲቲዎች «ጥቁር» ተብለው ከሚቆጠሩት ውስጥ የስደተኛ ልጆች ከቁጥራችን በላይ ነን። በ1999 የገቡትን ያጠና አንድ ትልቅ ሥራ፣ በምርጥ ኮሌጆች ከነበሩት ጥቁር ተማሪዎች 27 በመቶው፣ አይቪ ሊግ ውስጥ ደግሞ 41 በመቶው የስደተኛ ቤተሰብ ልጆች እንደነበሩ አሳይቷል። ከኛ ውስጥ «እኛ ታታሪ ስለሆንን ነው» የሚል ሲመጣ ቅር ይለኛል። አዎ እንሠራለን። ግን በትምህርት ገፍቶ የመጣ ወላጅ ከአገር ወጥቶ የሚመጣበት ዕድሉ ሰፊ ነው፣ እና ልጁ ሲጀምር ሌላ ቦታ ላይ ቆሞ ነው የሚጀምረው። በዚያ ላይ የገባንባቸውን በሮች የከፈቱት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፤ የ1964ቱ ሕግ በነሱ ደም የመጣ ነው፣ በአገር ኮታ ስደተኛ መለየትን ያስቀረው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግም የዚያው ትግል ዘመን ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ «ጥቁሮች አሉን» ብሎ ሪፖርት ሲያወጣ የባሪያዎቹ የልጅ ልጆች የት አሉ ብለን መጠየቅ ያለብን እኛም ነን።

አሁን ነገሩ ወደ ፖለቲካ ገብቷል። ቴክሳስ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዲ ኢ አይ (ብዝኃነት፣ ፍትሐዊነትና አካታችነት) የሚባሉትን ቢሮዎች ዘግታለች፣ ፍሎሪዳም በ2023 ገንዘባቸውን ከልክላለች። ቨርጂኒያ ፌርፋክስ ያለው ጆርጅ ሜሰን ከ2020 ጀምሮ በመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንቱ በግሪጎሪ ዋሽንግተን ይመራል። በ2025 የፌዴራል መንግሥት «በቅጥርና በዕድገት ዘርን አይቷል» ብሎ ምርመራ ከፈተበት፤ በኦገስት የትምህርት ሚኒስቴሩ ሕግ ጥሷል አለ፣ ይቅርታም እንዲጠይቁ ተፈለገ። ዋሽንግተን በጠበቃቸው በኩል ክሱን አልተቀበሉም፣ ይቅርታም አልጠየቁም።

እዚህ ላይ ነው ቦርድ ምን እንደሆነ ማወቅ የሚጠቅመው። ፕሬዚዳንት የሚቀጥረውም የሚያባርረውም ቦርዱ ነው። በጆርጅ ሜሰን 16 አባላት አሉት፣ ለአራት ዓመት፣ የሚሾማቸው የቨርጂኒያ ገዥ፣ የሚያጸድቃቸው የግዛቲቱ ምክር ቤት። በሜሪላንድም አብዛኞቹን የቦርድ አባላት ገዥው ነው የሚሾመው። ለገዥና ለግዛት ምክር ቤት በሚደረገው ምርጫ፣ ለፕሬዚዳንታዊው ከሚወጣው ሕዝብ በጣም ያነሰ ነው የሚወጣው፤ የኛ ሰውም እንዲሁ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቦርድ ስብሰባ በሕግ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ቀኑና አጀንዳው ድረ ገጹ ላይ ይወጣል። አዲስ ፕሬዚዳንት ሲፈለግ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማኅበረሰቡ ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈልግ የሚናገርበት መድረክ ይከፈታል፤ ስማችሁን አስመዝግባችሁ ደቂቃዎች ይሰጣችኋል። የቤተ ክርስቲያንም የመስጊድም የኮሚኒቲ ማኅበርም ሰው ሄዶ መናገር ይችላል። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ደግሞ ቀላል ነው፦ ባለፉት አምስት ዓመታት ከተቀጠሩት ጥቁር መምህራን ስንቱ ቴኑር አገኙ፣ ስንቱስ ለቀው ሄዱ?